ሐኪም ነው ያለው ማነው?

ሴትዮዋ ሆስፒታል የገባችው በእግሯ ነበር። አንገቷ ላይ ያለች ትንሽ እብጠት አስወጥታ፣ ማታ ቤቷ ልታድር። ከሰመመኑ ግን አልነቃችም።

እብጠቷ እንኳ ሳትነካ ሞተች።

አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም ነገር አላስረዘመም። «ያስተኛት ሰው ሙያውን አያውቀውም» አለ። ማደንዘዣ የሰጠው ወጣት በዚያው ዕለት ተያዘ። ዲግሪውም ተመረመረ። ያስመረቀው ዩኒቨርሲቲ ድረ ገጽ አለው፤ ዓርማ አለው፤ ካባ የለበሱ ተመራቂዎች ፎቶ አለው። የሌለው ሕንፃ፣ መምህርና ተማሪ ብቻ ነው።

«ሰውየውን ይዘናል፤ ምን ቀረ?» አለ የፖሊስ ጣቢያው አለቃ።

«ዲግሪውን የሸጠለት ቀረ» አለች መርማሪዋ።

ባልደረቦቿ «መዥገር» ይሏታል። ከያዘች አትለቅም። እሷም ስሙን አትጠላውም።

ይህንን ጉዳይ ደግሞ እንዳትለቅ ያደረጋት የሟች ባል ነበር። በየቀኑ ጣቢያ እየመጣ ያንኑ ይጠይቃታል። «ልጁ ሐኪም አይደለም፤ እሺ። ሐኪም ነው ብሎ ያስገባብን ማነው?»

«የዚያን ዕለት ባለቤትህ ምን አለችህ፣ ወንድሜ?»

«ፈርታ ነበር። እንመለስ ብላኝ ነበር እኮ! ካርድ ክፍል ያሉት ሴትዮ ናቸው ያረጋጓት። ‹አይዞሽ ልጄ፣ የሚያስተኛሽ ልጅ እጁ ቀላል ነው› አሏት።» ዓይኑን በመሀረብ ጠረገ። «ይሄም የሳቸው ነው። አብረውኝ ሲያለቅሱ ሰጡኝ።»

መርማሪዋ ተነስታ ወደ ወጣቱ ሄደች።

«ማን ሸጠልህ?»

«ኢንተርኔት።»

«ኢንተርኔት እጅ የለውም። ማን?»

«ሰው አላየሁም።»

«ማንን ነው የምትሸፍነው?»

ወጣቱ ከዚያ በኋላ ቢጠየቅ፣ ቢለመን፣ አፉን አልከፈተም።

የዲግሪው ወረቀት ወደ አንድ ማተሚያ ቤት መራት። ባለቤቱ ፖሊስ ሲያይ ላብ በላብ ሆነ።

«የቲያትር ቡድን ነን ብለው ነው ያሳተሙት! በስልክ አዘዙ፣ ሞተረኛ መጥቶ ወሰደ።»

«ቲያትሩን አይተኸዋል?»

«እኔ ቲያትር አልወድም።»

ኮምፒውተሩን አስፈተሸች፤ ሞተረኛውን አስፈለገች። ሁለት ቀን በከንቱ አለቀ። ሰውየው ሞኝ እንጂ ሌባ አልነበረም።

ቀጥሎ የሆስፒታሉ ቅጥር ኃላፊ ቢሮ ገባች። ኃላፊው ገና ሳትቀመጥ ተቆጡ።

«እኔ ሳላጣራ አልቀጥርም! የሬጅስትራሩ ስልክ ዲግሪው ጀርባ ላይ አለ። ራሴ ነኝ የደወልኩት።»

«ምን አሉዎት?»

«በማዕረግ ተመርቋል አሉኝ። እዚያው፣ ወዲያው።»

«ወዲያው?»

«ስልኩን ሳልዘጋ።»

መርማሪዋ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። የራሷን ዲግሪ ለማውጣት ጫማ ጨርሳለች። «ነገ ተመለሺ» የማይል ሬጅስትራር በዕድሜዋ ገጥሟት አያውቅም።

መኪናዋ ውስጥ ገብታ ያንኑ ቁጥር ደወለች።

«ሬጅስትራር። ምን እንርዳዎት?» ለስላሳ የሴት ድምፅ ነው።

«ከክሊኒክ ነው። አንድ ተመራቂያችሁን ልንቀጥር ነበር» አለችና እዚያው የፈጠረችውን ስም ነገረቻት።

«የካርድ ቁጥር? አዲስ ናቸው ተመላላሽ?»

ሴትዮዋ ቶሎ ብላ ጉሮሮዋን ጠረገች። «ይቅርታ፣ የተማሪ ቁጥር ማለቴ ነው።»

መርማሪዋ ቁጥርም ፈጠረች። ያልተወለደው ሰውዬ በማዕረግ መመረቁ ተነገራት።

ስልኩን ዘጋች። ተማሪን አዲስ ነህ ተመላላሽ ብሎ የሚጠይቅ ዩኒቨርሲቲ የለም። ያንን ሲጠይቅ የሚውል ሰው ከሆስፒታል ካርድ ክፍል መስኮት ኋላ ነው የሚቀመጠው። ባልየውን በመሀረብ ያጽናኑት ሴትዮም የሚቀመጡት እዚያ ነው።

ተመልሳ ገብታ ካርድ ክፍል ወረፋ ያዘች። ተራዋ ሲደርስ ሴትዮዋ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ፈገግ አሉላት።

«አዲስ ነሽ ተመላላሽ፣ የኔ እናት?»

መርማሪዋ ኪሷ ውስጥ ባለው ስልክ ያንኑ ቁጥር ደወለች። ከሴትዮዋ መሳቢያ ውስጥ ጥሪ ተሰማ።

«ያንሱት እንጂ፣ እናቴ» አለች መርማሪዋ። «ቀጣሪ ሊሆን ይችላል።»

ሴትዮዋ አላነሱትም። ወንበራቸው ላይ እንዳሉ ኩምትር አሉ።

ከካርድ መደርደሪያዎቹ ኋላ ሆነው ሁሉንም ተናገሩ። ወጣቱ የእህታቸው ልጅ ነው። እህታቸው ስትሞት በአደራ የተወችላቸው። «ፈተና ወደቀ፣ ደግሞ ወደቀ። ሰው ይሁንልኝ ብዬ ነው ዲግሪውን ያሳተምኩለት። እዚህ ሲያጣሩ ከስልክ እንደማያልፉ አውቅ ነበር። ከዚያ ወሬው ሄደና ሌሎች መጡ። ገንዘቡም ጣመኝ፤ አልዋሽሽም።»

«ሴትዮዋ ከሞተች በኋላም ስልኩን ያነሱ ነበር።»

«ካላነሳሁ የሁሉም ይጋለጣላ!»

«ፈርታ ልትመለስ ስትል ‹እጁ ቀላል ነው› ያሏት እርስዎ ነዎት።»

«አሳዘነችኝ። ምን ልበላት?»

መርማሪዋ ተናደደች፤ ግን ድምፅዋን አላነሳችም። «እርስዎን ቢያስተኛዎት ይፈቅዱለት ነበር?»

ሴትዮዋ የቀኝ ጎናቸውን በእጃቸው ያዙ።

«አምና የሐሞት ጠጠር ነበረብኝ። እዚህ ቀዶ ጥገናው ለሠራተኛ ነፃ ነው።» ፊታቸውን አዞሩ። «ሌላ ሆስፒታል ሄድኩ።»

መርማሪዋ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ሌሎቹ የት የት እንደሚሠሩ ይነግሩኛል። አንድ በአንድ። ዛሬም በነሱ እጅ የሚወድቅ ሰው አለ።» ሴትዮዋ ተናግረው እስኪጨርሱ ከወንበሩ አልተነሳችም።

በማግስቱ ባልየው እንደ ልማዱ መጣ። ዛሬ ግን ሳይጠይቃት ነገረችው። የሐሞት ጠጠሩንም አልደበቀችውም።

ባልየው መሀረቡን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠ።

«ይሄን መልሺላቸው፣ እህቴ» አለ። «አሁን ለሳቸው ያስፈልጋቸዋል።»