ከጥናቱ የወጣው አርባኛው ሰው

አመናችሁኝም አላመናችሁኝም ይህ በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ማታ እንዳይመስላችሁ... ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ ፀሐይ ፍንትው ብላ ወጥታ ነው።

የምሠራው በልብ ምት ላይ ጥናት በሚደረግበት ቤተ ሙከራ ነው። ሰው አልጋ ላይ ይተኛል፣ ማሽኑ አምስት ደቂቃ ልቡን ይመዘግባል፣ እኔ ሪፖርቱን እጽፋለሁ።

ደንቡ ጥብቅ ነው። ስንት ሰው ተመዘገበ? እንዴት ይተነፍስ ነበር? ከጥናቱ ማን ወጣ? ለምን? አንዷም አትደበቅም።

የዚያን ቀን አርባኛው ሰው ላይ ስደርስ ክው አልኩ።

የሕያው ሰው ልብ እንደ ሰዓት አይቆጥርም። ትንሽ ይፈጥናል፣ ትንሽ ይዘገያል። የዚህ ሰው ግን... ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ዓይነት።

ለአለቃዬ ለዶክተሩ ነገርኩት።

"ሰርዢውና ሠላሳ ዘጠኝ ሰው ብለሽ ጻፊ።"

"ምክንያቱስ? ደንቡ እኮ..."

ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።

ምዝገባውን ወደምትሠራው ሲስተር ሄድኩ። ቅጿ ላይ የትንፋሽ ቁጥር ቦታው ባዶ ነው።

"ሲስተርዬ፣ ይህን ለምን ተውሽው?"

ግራ ቀኝ አየች። "ቆጠርኩ እኮ... አልነበረም።"

"ምኑ?"

"ትንፋሹ።"

"ሰውየውስ የት ሄደ?"

"አልወጣም፣ እቴ..." አለች በሹክሹክታ።

ማሽኑ ተበላሽቶ ነው ብዬ ቅጹን ይዤ ወደ መመዝገቢያው ክፍል ገባሁ። ድምፅ የማያስገባው ወፍራም በር ከኋላዬ ተዘጋ።

እጀታውን ጠመዘዝኩት። አልዞር አለ።

ደበደብኩ። ጮህኩ። ድምፄ ከአፌ አልርቅ አለ። መስኮት የለ... ስልኬ ጠረጴዛዬ ላይ ነው።

አልጋው ላይ አንድ ሽማግሌ ተኝተዋል። ዓይናቸው ተከፍቷል። ደረታቸው አይነሳም... አይወርድም።

"ልትሰርዢኝ ነው?"

ከንፈራቸው አልተንቀሳቀሰም።

"አ... አይደለም፣ አባባ።"

"እንግዲያው ጻፊኝ።"

ቅጹ ላይ ጻፍኩ፦ "አርባ ሰዎች ተመዘገቡ። አንዱ ከትንተናው ወጡ። ምክንያት፦ ልባቸው ይመታል፣ አይተነፍሱም።"

በሩ ቀጭ ብሎ ተከፈተ።

ሲስተር ደጃፉ ላይ ታለቅሳለች። "ሁለት ሰዓት ሙሉ ስደበድብ ነበር እኮ!"

ለእኔ አምስት ደቂቃም አልሞላም። ወደ ኋላ ለማየት አልደፈርኩም።

በቀጥታ ዶክተሩ ጋ ገብቼ ቅጹን ፊቱ አስቀመጥኩ። "ወይ ይህ እንዳለ ይታተማል፣ ወይ የእኔ ስም ይውጣ።"

አነበበው። ፊቱ አመድ መሰለ።

የልቡን ምት ሊቆጥር ሁለት ጣቱን ግራ እጁ አንጓ ላይ አሳረፈ... ጠበቀ።

ወደ ቀኙ አዛወረ... ጠበቀ።

ቀስ ብሎ ወደ አንገቱ ወሰደው።

ትቼው ስወጣ፣ አሁንም እየፈለገ ነበር።