ሞተር የተሸከመው የጣሊያን ብስክሌት

አቶ አስገዶም የሞቱት አንድ ሰው የብስክሌታቸውን ፍሬን ስላላላው ነው። ከቡልጋሪያ ማዞሪያ ወደ ጎተራ ቁልቁል ሲወርዱ ከቆመ የጭነት መኪና ጋር ተላትመው እዚያው አለፉ።

ኢንስፔክተር ዙለይካ ብስክሌቱን በጣቢያው ግቢ ገልብጣ መረመረችው። ጥንታዊ የጣሊያን ሥሪት ነው፤ በዕድሜ ሟቹን ሳይበልጥ አይቀርም። መሃሉ ላይ አዲስ የቻይና ሞተር ተገጥሞበታል። የእጅ ፍሬኑን ሽቦ የሚይዘው ዳዶ ላልቷል፤ እጀታው በቀስታ ሲጨበጥ ይይዛል፣ ጠበቅ ሲደረግ ሽቦው ይሾልካል። ዳዶው ላይ የቀይ ጥፍር ቀለም ጠብታ አለ፤ ለሁለት ተሰንጥቋል። የዳዶው ጠርዝ ግን ጭረት እንኳ የለውም።

ሞተሩን የገጠመው ሙሐሲን ታስሯል፤ በማግስቱ ፍርድ ቤት ይቀርባል።

«እኔ ነኝ የገደልኳቸው» አላት ሳትጠይቀው።

«ዳዶውን አላልተኸዋል?»

«ኧረ አላላላሁትም። ማለቴ፣ ሞተሩን ባልገጥምላቸው ኖሮ አይሞቱም ነበራ። ዳዶውንማ አጥብቄ ቀለም ጠብ አድርጌበታለሁ። የማጠብቀውን ሁሉ እንደዚያ ነው የማደርገው፤ ሰው ከነካው ቀለሙ ይሰነጠቃል፣ በቃ አውቃለሁ።»

«ይሄ ብስክሌት ፔዳሉን ወደ ኋላ ሲረግጡት የሚቆም አይደል እንዴ? የእጅ ፍሬን ምን አስፈለገው?»

«ነበር። የእግር ፍሬኑ የነበረው የኋላ ጎማው ሞዞ ውስጥ ነው፤ እምብርቱ ላይ። ከሞተሩ ካቴና ጋር አልስማማ ሲለኝ ሆዱን አውጥቼ ጣልኩት። ጋሽ አስገዶም ‹መልኩን እንዳትነካብኝ› ስላሉኝ ቅርፊቱን ላዩ ላይ ካለው የፋብሪካ ማኅተም ጋር መለስኩት። ለእሳቸውም ለልጃቸው ለሰምሃልም ነግሬያለሁ። በእጅ መያዝም አለማምጄያቸዋለሁ።»

ዙለይካ ካዛንቺስ ሄደች። የሟቹ ልጅ ሰምሃል ሳሎን ውስጥ ብቻዋን ተቀምጣ አገኘቻት።

«ሙሐሲንን ልቀቁት» አለች ሰምሃል። «ሞተር ይገጠም ያልኩት እኔ ነኝ። ጉልበቱን ያመው ነበር፣ ብስክሌቱን ደግሞ መተው አልቻለም። የአባቴ ጓደኛ ጋሽ ተስፋማርያም እንዳይገጠም ለምነውን ነበር፤ ሳቅኩባቸው።»

«ቤት ውስጥ ምን ዓይነት መፍቻ አላችሁ?»

«አንድ የዛገ ፒንሳ።»

«በአደጋው ዋዜማ የመጣ ሰው ነበር?»

«ጋሽ ተስፋማርያም ናቸው። ሞተሩ ከተገጠመ ወዲህ ተኳርፈው ነበር፣ ሊታረቁ መጡ። ስለ ሞተሩ አንድም ቃል እንዳይነሣ ተስማምተው። አባቴ ልብስ ሊቀይር ሲገባ ብስክሌቱን ሲወለውሉ በመስኮት አየኋቸው። አሳዘኑኝ።»

አቶ ተስፋማርያም መስቀል ፍላወር አካባቢ ይኖራሉ። ግድግዳቸው ላይ የብሎን መፍቻዎች ከትንሽ እስከ ትልቅ ተሰልፈዋል። ከሦስቱ ሰዎች ራሳቸውን ያልወቀሱት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

«አስገዶም ከቁራሌው ሲገዛው ተራ ብረት መስሎት ነበር» አሉ። «ቀለሙን ፍቄ የፋብሪካውን ማኅተም ያሳየሁት እኔ ነኝ። እንዲህ ያለ ዕቃ ሞተር አይሸከምም ብዬ ተናገርኩ። አልሰሙኝም።»

«ታዲያ ምን ገደላቸው?»

«ልቡ ነዋ። ልቡ ባይቆም ኖሮ ወደ ኋላ ረግጦ ያቆመው ነበር። እዚህ ብስክሌት ላይ የእጅ ፍሬን ጌጥ ነው፣ የኔ ልጅ።»

«ኢንስፔክተር» አለች ዙለይካ።

ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም የሟቹ ሳሎን ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሙሐሲን በሁለት ፖሊሶች ታጅቦ መጣ፤ ፖሊሶቹ ደጅ ቀሩ።

«ልባቸው አልነበረም» ብላ ጀመረች። «ቁልቁለቱ ላይ ሙዝ የምትሸጥ ሴት አይታቸዋለች። ፔዳሉን ወደ ኋላ ደጋግመው ይረግጡ ነበር። የእጅ ፍሬኑ ሲከዳቸው እግራቸው ወደ ድሮ ልማዱ ሄደ። ልቡ የቆመ ሰው እንደዚያ አይረግጥም።»

ሰምሃል ፊቷን አዞረች።

«ዳዶው በራሱ አልላላም፣ ቀለሙ ከደረቀ በኋላ ሰው አዙሮታል። ሙሐሲን ቢሆን ቀለሙ በእጁ ነው፤ መልሶ ይቀባውና ማንም አያውቅበትም ነበር። የዚህ ቤት ፒንሳ ቢሆን ጠርዙን ይበላው ነበር። የተፈታው ልክክ ባለ መፍቻ ነው። ጋሽ ተስፋማርያም፣ መፍቻው እርስዎ ጋ አለ። በዋዜማው ብስክሌቱ አጠገብ የነበሩትም እርስዎ ነዎት።»

«ጓደኛዬን ለምን እገድላለሁ?»

«እኔንም ያቆመኝ ይኸው ጥያቄ ነበር። ከዚያ ‹ጌጥ ነው› ያሉኝን አሰብኩት። ሞዞው ባዶ መሆኑን ሙሐሲን ያውቃል፣ ሰምሃል ታውቃለች፣ ሟቹም ያውቁ ነበር። የእጅ ፍሬኑ ቢላላም በእግራቸው ያቆሙታል ብሎ ማመን የሚችለው አንድ ሰው ብቻ ነው። ስለ ሞተሩ እንዳይወራ ስለተስማማችሁ ማንም አልነገርዎትም።»

ሽማግሌው ወደ ሙሐሲን ዞሩ። «አውጥተኸዋል?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ማኅተሙ አለ እኮ። ስወለውለው አይቼዋለሁ።»

«ቅርፊቱ ነው ጋሼ።»

 «እንዲደነግጥ ነበር» አሉ አቶ ተስፋማርያም። «አንድ ቀን ይከዳዋል፣ በእግሩ ያቆመዋል፣ ፈርቶ ሞተሩን ያስነቅለዋል ብዬ ነው። ሌላ አላሰብኩም።»

«ሙሐሲን፣ አንተ ነፃ ነህ» አለች ዙለይካ።

ሙሐሲን ከተቀመጠበት አልተነሣም። «ቅርፊቱንም አውጥቼ ብጥለው ኖሮ» አለ ወለሉን እያየ፣ «ጋሽ ተስፋማርያም ገና ሲያዩት ያውቁ ነበር።»

«ሰምሃል፣ ልጄ» አሉ ሽማግሌው፣ «እባክሽ አንድ ነገር በይኝ።»

«እርስዎ በሄዱ በዚያ ማታ አባቴ ምን እንዳለኝ ልንገርዎት?» አለች። «‹ተስፋማርያም ሞተሩን ወደደው መሰለኝ፤ በእጁ ሲወለውለው አየሁት› አለኝ። ደስ ብሎት ነው የተኛው።»

አቶ ተስፋማርያም የወንበሩን መደገፊያ ይዘው ተነሡ። ዙለይካም ልትከተላቸው ተነሣች፤ እሳቸው ግን አልጠበቋትም። ፖሊሶቹ ወደቆሙበት ወጡና በሩን ከኋላቸው ዘጉት።