ያልተደፈነው ስንጥቅ

ንግግሩን የሰማው በልጅነቱ ነው፤ ያውም ግማሹን።

ቤተሰቡ ከወሎ መጥቶ አሶሳ ዙሪያ በሰፈረበት ዘመን ነው። አባቱ ከማንጎ ዛፍ ሥር ከአንድ የበርታ ሽማግሌ ጋር ተቀምጦ ነበር። ሽማግሌው ብኸይታ ይባላሉ። እሱ ከግንዱ ጀርባ የወደቀ ማንጎ እየመጠጠ ጆሮውን ጥሏል።

«አንተ ላይ ነህ፣ እኛ ታች ነን» አሉ ብኸይታ። «ውኃ ሲመጣ ቀድሞ የሚሰማ አንተ ነህ። ትነግረናለህ?»

አባቱ ምን ብሎ እንደመለሰ አያስታውስም። ስንት ጊዜ ሞክሯል። የሚመጣለት ማንጎው ላይ የሰፈረው የዝንብ ድምፅ ብቻ ነው።

ዛሬም አሶሳ ገበያ መሐል ቆሞ ሳለ ያው ድምፅ መጣበት። ልጁ ጎልምሷል። መታወቂያው «እዩኤል» ይላል። ስሙ ግን አይደለም። እውነተኛ ስሙን ከሰላይነቱ ጋር የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ አለ፤ አለቃው በቃሉ። በስልክ ሲነጋገሩ በቃሉ «ጎታ» ነው፣ እሱ «ወንፊት»። የሚፈለገው ነገር ሁሉ «እህል» ይባላል።

ለውዝ ሻጩ ፊት ቆመ።

«የሆሞሻ ነው?»

«የሆሞሻ ነው። ግን አፈር አለው።»

«አፈሩን እኔ አበጥረዋለሁ።»

ሻጩ ጁምዓ ነው፤ ድንበር ላይ እስካለችው ኩርሙክ ድረስ እየተመላለሰ የሚነግድ፣ ለእዩኤልም ወሬ የሚያቀብል የበርታ ሰው። ለውዙን በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጠው። እዩኤል ጥቅሉን ጨበጥ አደረገው። መሐሉ ላይ ጠንካራ ነገር አለ።

ፍላሽ።

«ከየት አገኘኸው?»

«ኩርሙክ፣ የዕቃው ገዢ ሰውዬ ቤት። ጠረጴዛ ላይ ነው ያለው። ማንም አልከለከለኝም፣ ወላሂ!» ጁምዓ ፊቱን አጨማደደ። «እንዲህ የቀለለ ነገር እኔ አልወድም፣ ያ ሳሒቢ፣ ወዳጄ። ዶሮ ራሷ ወደ ድስት ስትሄድ አይተህ ታውቃለህ?»

«የተከተለህ አለ?»

«ፍየል ብቻ። እሱም ለለውዙ ነው።»

እዩኤል አልሳቀም። ጥቅሉን ኪሱ ከትቶ ወደ ቢሮው አቀና።

ቢሮው የአንድ አነስተኛ የውኃ ምህንድስና አማካሪ ድርጅት ነው። በዳቡስ ገባር ላይ ለሚሠራ ግድብ፣ ውኃው በማስተንፈሻው በሮች እንዴት እንደሚያልፍ በኮምፒውተር ይፈትናል። የማስተንፈሻውን እውነተኛ ቅርጽ ከዚያ ቢሮ አውጥቶ ድንበር ማዶ የሚሸጥ ሰው አለ ተባለ። ያንን ቅርጽ የያዘ ሰው፣ በሩ ምን ያህል ሲከፈት ውኃው እንደሚያንቀጠቅጠው ያገኛል። ከዚያ ወዲያ ፈንጂ አያስፈልገውም። በሩን እዚያ ከፍታ ላይ የሚያቆም አንድ የተገዛ እጅ ይበቃዋል። ከታች ደግሞ መንደሮች አሉ።

እዩኤል ይህን ሻጭ እንዲይዝ ነበር፣ ሠራተኛ መስሎ፣ በመንግሥት ስም ወደ ቢሮው የተላከው። በቃሉ ተጠርጣሪዋን አስቀድሞ ነግሮታል፤ ኸድራ፣ አብራው የምትሠራው የበርታ ልጅ።

«ፍላሹን አትክፈተው» ብሎታል በቃሉ። «እንደታሸገ አምጣልኝ።»

ከፈተው።

በዚህ ሙያ ጥሬው ጂኦሜትሪ፣ ገና ያልጸዳው የግድቡ ቅርጽ፣ ከግንባታው ቦታ መጀመሪያ የሚደርሰው ለእሱ ነው። ጥሬ ጂኦሜትሪ ደግሞ ስንጥቅ አያጣውም። ምሰሶውና ወለሉ በፀጉር ስፋት ሳይገናኙ ይቀራሉ። ዓይን ያልፈዋል፤ ውኃ ግን አያልፈውም፣ ይገባበታል። ስለዚህ እሱ ስንጥቁን ይደፍናል። ከዚያ ለኸድራ ያሳልፋል። ኸድራ ውኃው የሚያልፍበትን ባዶ ቦታ በብሎክ በብሎክ ትከፍላለች፤ ብሎኮቹን እንደ ጡብ ረድፍ ፊት ለፊት እያጋጠመች ውኃው የሚሰላበትን መረብ፣ ሜሹን ትሠራለች። ስንጥቁ ያልተደፈነ ጂኦሜትሪ ለሥራ ባልደረባ ማሳለፍ ነውር ነው። ያልተነፋ ዱቄት ለጎረቤት እንደመላክ ነው።

የሦስተኛውን ምሰሶ እግር አጉልቶ አየ።

ስንጥቁ አለ።

አልተደፈነም።

እጁ ማውሱ ላይ ቀረ። ኸድራ ጥሬውን አይታው አታውቅም። ጥሬውን የሚያየው እሱ ነው። ሌላው ደግሞ እሱ ራሱ ለሪፖርት ብሎ ጥሬውን የላከለት ሰው ነው።

በቃሉ።

ስልኩ ጠራ።

«እህሉ ገባ?»

«ገባ።»

«እንደታሸገ?»

«እንደታሸገ።»

«ጎበዝ። ነገ በአውሮፕላን እመጣለሁ። ልጅቷን እናነሳታለን። ሜሹንም ይዘህ ጠብቀኝ።»

«ሜሹ ደግሞ ምን ያደርግልዎታል?»

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ ብዬ ያስተማርኩህ ጠላትን እንድትጠረጥር ነው እንጂ እኔን ነው እንዴ?» ሳቀ። ስልኩን ዘጋው።

እዩኤል ተቀምጦ ቀረ። ዝም ቢል ኸድራ ባልሠራችው ወንጀል ትታሰራለች፤ ቅርጹም መሸጡን ይቀጥላል። ቢናገር፣ እሷን ነጻ የሚያወጣው ስንጥቅ እሱን ራሱን ይከሰዋል፤ ጥሬው የነበረው በእሱ እጅ ነውና። በቃሉን ቢያስይዝ ደግሞ «ሰላይ ነበርኩ» ሲል ማን ይመሰክርለታል? በሐሳቡ በየትኛውም በኩል ዞሮ ገፋው። ሁሉም በር ከውጭ ተቆልፏል።

ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ ጸለየ። መውጫ አልለመነም። እሷን ይዞ እንዳይወድቅ ብቻ ለመነ።

«ያ እዩኤል! ለውዙን ብቻህን ጨረስከው?» ኸድራ ገባች። አረንጓዴ ሻሿን እያስተካከለች ጥቅሉን ዘረጋችው።

«በሩን ዝጊው።»

ነገራት። ማን እንደሆነ፣ ለምን እንደመጣ፣ ፍላሹ ውስጥ ያየውን፣ ሁሉንም። የያዘችውን ለውዝ ሳትልጠው ቀረች።

«እናቴ ለአፍጥር ስትጠራህ እየመጣህ ስትበላ ነበር» አለች። «እየበላህ ነበር የምትሰልለኝ?»

«አዎ።»

«ስለ ገንፎውም ጻፍክ?»

«ባሚያው ይጣፍጣል ብዬ ጻፍኩ።»

ልትስቅ ምንም አልቀራት። አልሳቀችም።

«በቃሉ እውነተኛ የመንግሥት ሰው ከሆነ» አለ እዩኤል፣ «ሜሹን ተቀብሎ የሚዞረው ወደ አዲስ አበባ ነው። ሻጭ ከሆነ በሆሞሻ አድርጎ ወደ ኩርሙክ ይወርዳል። የሚቀበለው ሜሽ ግን እውነተኛው መሆን የለበትም።»

ኸድራ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ቁጣዋና ሙያዋ ፊቷ ላይ ሲታገሉ ታየው። ሙያዋ አሸነፈ።

«ምሰሶዎቹን ከቦታቸው አንሻፍፋለሁ። አንዱን ብሎክ ደግሞ እንደ ካልሲ እገለብጠዋለሁ፤ ውስጡን ወደ ውጭ። ሶፍትዌሩ ሲከፍተው ቀይ ያበራበታል። ሙያውን የሚያውቅ ሰው ሳይፈትሽ አይቀበልም።»

«እሱ አያውቅም። መንታውን ቅጂ አንቺ ይዘሽ ከጁምዓ ጋር ሆሞሻ ኬላ ለፖሊሶቹ ታሳያለሽ። ስሜን አታንሺ።»

«የትኛውን?»

ሜሹን ሠርታ ፍላሹ ላይ ጫነችና ጠረጴዛው ላይ ወረወረችለት።

«ትሄጃለሽ?»

«አስብበታለሁ» ብላ ወጣች።

ማግሥቱ ዓርብ ነበር። ሰው ከመስጊድ ሲበተን አንድ ፒካፕ አጠገቡ ቆመ። በቃሉ ነው። አሶሳ ሲመጣ የኢንሹራንስ ሰው ነኝ ይላል፤ ሸሚዙም ቦርሳውም ያንን ይመስላሉ።

«ግባ።»

«እዚሁ ልስጥዎት።»

«ግባ አልኩህ።»

ገባ። ፍላሹን ሰጠው። በቃሉ አገላብጦ አየውና ደረት ኪሱ ከተተው። ሳይፈትሽ።

መገንጠያው ላይ ደረሱ። በቃሉ ፍሬቻ አላበራም።

ወደ ሆሞሻ ታጠፈ።

«ልጅቷስ?» አለ እዩኤል።

«ልጅቷ ትደርሳለች።» የበሩ ቁልፍ ቀጭ አለ። «ጣጣ ያመጣህብኝ አንተ ነህ። ገዢዎቹ ጥሬውን ማስኬድ አቃታቸው። ‹ስንጥቁን የሚደፍነውን ሰው አምጣ› አሉኝ። ምን ላድርግ? ሰውን ከነሙያው ነው የሚገዙት።»

እዩኤል የበሩን እጀታ ነካ። አይከፈትም።

«አትልፋ። በእውነተኛ ስምህ ተሰማ የሚባል ሰው የለም፣ ጠፋ የሚባልም የለም። መዝገብህን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ። እኔ ካልኖርኩ አንተ የለህም።»

መኪናው ቀዩን አቧራ እያስነሳ ወረደ። የጾሬ የስደተኞች መጠለያ ምልክት አለፈ። የቀርከሃው ጥላ መስታወቱ ላይ ተራ በተራ ወደቀ። ኸድራ ባትሄድስ? እንዳትሄድ የሚያደርግ ምክንያት ራሱ ነው የሰጣት።

ከፊት ኬላው ታየ።

ገመዱ ወደ ላይ ነው።

ክፍት ነው።

በቃሉ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ቀረበ። ያን ጊዜ ከዳሱ አንድ ፖሊስ ወጣና ገመዱን ለቀቀው። ፍሬኑ ጮኸ። ከፖሊሱ ጀርባ አረንጓዴ ሻሽ ታየ። ከሻሹ ጎን ጁምዓ የለውዝ ጆንያው ላይ ተቀምጧል።

ፖሊሶቹ ፈትሸው ፍላሹን ከበቃሉ ኪስ አወጡ። ኸድራ ላፕቶፗን ኮፈኑ ላይ ዘርግታ ሰካችው። የተገለበጠው ብሎክ ቀይ አበራ፤ በመንታው ላይም እዚያው ቦታ።

«ይህን ሠርቼ ለማንም እንግዳ አልሰጠሁም» አለች ለፖሊሶቹ። «ኢንሹራንስ በዚህ በኩል ወዴት ነው የሚሄደው?»

ጁምዓ ከጆንያው ላይ ጮኸ። «ኩርሙክ ኢንሹራንስ የለም! እኔ ፈልጌ አጥቻለሁ!»

ፖሊሶቹ ሳቁ። በቃሉ አልሳቀም። እጁ ሲታሰር ወደ እዩኤል ዞረ።

«እሱን ጠይቁት! የኔ ሰው ነው! ያውቀኛል!»

ከዚያም ስሙን ጠራ። እውነተኛውን፣ አባቱ ያወጣለትን። እስከ ዛሬ ድረስ ያንን ስም ከሰው አፍ ከሰማው ዘመን አልፎ ነበር። ሁለት አንገት ቢኖረው አንዱ በዞረ ነበር።

አልዞረም።

«ታውቀዋለህ?» አለ ፖሊሱ።

«መንገድ ላይ አሳፍሮኝ ነው።»

«ስምህ?»

«እዩኤል።»

«የቢሯችን ሰው ነው» አለች ኸድራ፣ ሳታየው። «ጂኦሜትሪ ነው የሚያጸዳው።»

በቃሉን ወሰዱት። ስሙም አብሮት ሄደ።

ከዚያ በኋላ የ«ጎታ» ስልክ ቢደወልም አልተነሳም። ጠያቂም ፈላጊም አልመጣም። እዩኤል ወደ ቢሮው ተመለሰ፤ ሌላ የሚመለስበት አልነበረውምና። አንድ ጠዋት ኸድራ ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው አስጠጋች።

«ይቅር አላልኩህም።»

«አውቃለሁ።»

«እናቴ ግን ለምን ቀረ እያለች ነው። እሱ የአንተና የእሷ ጉዳይ ነው።» ስክሪኑ ላይ የእውነተኛውን ማስተንፈሻ ምሰሶዎች አየች። «ቤታችን ከግድቡ በታች ነው። በሩ የሚንቀጠቀጥበትን ከፍታ ቀድሞ የሚያየው ሞዴሉን የሚያስኬደው ሰው ነው። አንተ ነህ። ‹አፍህን ዝጋ› የሚል አለቃ ይመጣል፤ መቼም አይጠፋም። ያን ጊዜ ትነግረናለህ?»

እዩኤል ጆሮውን አቀና። ማንጎው፣ ዝንቡ፣ የሽማግሌው ድምፅ፣ ሁሉም መጣ። የአባቱ መልስ ግን ዛሬም አልመጣም።

«እነግራችኋለሁ» አለ።