ከጉበኑ ላይ የተፋቀው ስም

ሰው በሞተ ሰው ይቀናል? ግሪዝል አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ቀንታለች! የምትኖረው በስኮትላንድ ባሕር ዳር፣ በኢንቨርሌት፣ ጎናቸውን ለነፋሱ ሰጥተው ከተደረደሩት የዓሣ አጥማጆች ጎጆዎች በአንዱ ነበር። በዚያ አገር ባልና ሚስት ጎጆ ሲወጡ ስማቸውን ከበሩ በላይ ባለው የጉበን ድንጋይ ላይ ያስቀርጻሉ። በግሪዝል በር ላይ የተቀረጸው ግን «አርቺና ኤልስፔት» የሚል ነው። ኤልስፔት በወሊድ የሞተች የባሏ የመጀመሪያ ሚስት ናት። ወለሉን የምትፈገፍገው ግሪዝል፣ ለዓሣ ማጥመጃ የዛጎል ሥጋ መንጠቆ ላይ ስትሰካ ጣቷ የሚደማው ግሪዝል፣ እንደ አገሩ ሚስቶች ልማድ የባሏ እግር እንዳይረጥብ በየማለዳው ባሕሩ ውስጥ ገብታ በጀርባዋ አዝላ ጀልባው ላይ የምታወጣው ግሪዝል... ስሙ ግን የሌላ! ይህ ነገር ውስጥ ውስጡን ሲበላት ኖረ።

ባቡር ከመጣ ወዲህ ደግሞ ባሰባት። ከጎጆዎቹ ጀርባ ሆቴልና ባለ ፎቅ ቤቶች በቀሉ፤ በጋ በገባ ቁጥር የከተማ እንግዶች አሮጌዎቹን ጎጆዎች ሊያዩ ይጎርፋሉ። አንድ ቀን ባለ ባርኔጣ እመቤት ድንጋዩን አነበበችና ፈገግ አለች።

«ኤልስፔት እርስዎ ነዎት?»

ግሪዝል ደሟ ፈላ። አርቺ ከባሕር እንደተመለሰ ጮኸችበት።

«ወይ እሷን ከበራፌ ላይ አውርድልኝ፣ ወይ እኔን ከቤትህ አስወጣኝ!»

«እስከ መኸር ታገሺኝ» አለ አርቺ፤ ወትሮም ንግግር የማይሆንለት ሰው ነው።

«ለምን? አልቅሰህ አልጨረስክላትም?»

በማግስቱ አላዘለችውም። እጇን አጣጥፋ ከዳር ቆመች። ጎረቤቶቿ «ምነው ግሪዝል፣ ዛሬ ከበደሽ እንዴ?» እያሉ ሲሳሳቁ፣ አርቺ እስከ ወገቡ ውኃ ውስጥ ገብቶ ሄደ። አንዴ ብቻ ዞር ብሎ አያት። ጀልባው እንደራቀ ግሪዝል መዶሻና መሮ ይዛ በርጩማ ላይ ወጣች፤ የኤልስፔትን ስም ፈቅፍቃ አጠፋችው። እፎይ አለች...

ከቀትር በኋላ ባሕሩ ተቆጣ። ጀልባው አልተመለሰም፤ አስከሬን እንኳ አልተገኘም።

በሳምንቱ ሽማግሌው ድንጋይ ጠራቢ በጋሪ የተጠረበ ድንጋይ አመጣላት።

«ለመኸር አድርስልኝ ብሎኝ ነበር፣ ልጄ። ‹የኤልስፔትን አትንካ፤ ይሄኛው ከሥሩ ይገባል። ይቺ ሴት አሥራ አንድ ዓመት ተሸክማኛለች› አለኝ።»

ድንጋዩ «አርቺና ግሪዝል» ይላል። ግሪዝል ፊደሎቹን በጣቷ ዳሰሰች።

«እግሩ ረጥቦ ሄደ!» ብላ ጮኸች። «ወይኔ! እግሩን አርጥቤ ሰደድኩት!»

ዛሬ ኢንቨርሌት ትልቅ ከተማ ሆናለች፤ ግሪዝልም አርጅታ በሯ ላይ ትቀመጣለች። ወይ ዕድል! መወደዳችንን የምትነግረን ለምን ወዳጃችንን ከወሰደች በኋላ ይሆን? እንግዶቹ አሁንም ይመጣሉ፤ የታችኛውን ድንጋይ ያነቡና ወደ ላይኛው አንጋጠው ይጠይቃሉ።

«እዚህ ላይ የተፋቀው የማን ስም ነው?»

«የኤልስፔት» ትላለች አሮጊቷ። «የፋቅሁት እኔ ነኝ።»