ሁለተኛው ጠመንጃ

ማረው የተገኘው ሐረጎ ላይ፣ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ከሚወርደው መንገድ በላይ ባለው ተዳፋት፣ ጥድ ሥር በጀርባው ተንጋሎ ነው። ጠመንጃው ከትከሻው አልወረደም። ከእሱ ፈንጠር ብሎ አንድ ወንድ ድኩላ ታርዶ ተጋድሟል። የጠዋቱ ጉም ሁለቱንም እኩል አልብሷቸው ስለነበር፣ መጀመሪያ ያገኘቻቸው እንጨት ለቃሚ «ሁለት ሰው ሞቶ አየሁ» እያለች ነው መንገድ ድረስ የሮጠችው።

ዘመኑ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ነው። ያኔ ሬሳ ብርቅ አልነበረም፤ ብርቁ «ማን ገደለው?» ብሎ መጠየቅ ነበር። መቶ አለቃ ካሳዬ የወንጀል መርማሪ ይባል እንጂ፣ ጠዋት ጠዋት መንገድ ዳር ተገድለው የሚገኙትን ወጣቶች እንዳይነካ በግልጽ ተነግሮታል። እነሱ የአብዮቱ ጉዳይ ናቸው፤ አርፈህ ሥራህን ሥራ ተብሏል። እሱም ያርፋል። እነሱ ግን አያርፉለትም። ፊቱን ሲታጠብ ቀና ካለ፣ በመስታወቱ ውስጥ ከኋላው ቆመው ያያቸዋል፤ ይጠብቁታል። ስለዚህ «አንድ አዳኝ ተገድሏል፣ ናና መርምር» ሲባል ደስ አለው። ወዲያው በደስታው አፈረ።

ሬሳው ዘንድ ሲደርስ የቀበሌው አብዮት ጥበቃ አዛዥ በላቸው ቀድሞት ነበር። ትከሻው ላይ ምንሽር ጠመንጃ አንግቷል፣ ወገቡን በአሮጌ ዝናር ታጥቋል። ከዝናሩ አንዷ ጥይት እየሾለከች ስታስቸግረው በአውራ ጣቱ እየገፋ ይመልሳታል።

ካሳዬ በርከክ ብሎ ማረውን አየው። ጥይቱ ደረቱን ከፊት ነው ያገኘው። እጆቹ ንጹሕ ናቸው፤ ቢላዋው ከሰገባው አልወጣም፣ ሲመዘዝም የደም ነጠብጣብ የለበትም። ከዚያ ወደ ድኩላው ሄደ። ተዳፋቱ ላይ አንገቱ ሽቅብ፣ ፀሐይ ወደምትወጣበት ዞሮ ነው የታረደው። ደሙ መውረጃ አጥቶ ወደ ኋላ ተመልሶ ደረቱ ሥር ረግቷል። ለምን ቁልቁል አላዞረውም? ካሳዬ ይህን ለራሱ ጠየቀ። በዚህ መሐል ከጉሙ ውስጥ አንዲት ሴት ድኩላ እንደ ውሻ ጮኸች። የመጡት ሰዎች ሁሉ አማተቡ።

በላቸው ነገሩ ያለቀ ነው አለው። የሆስፒታሉ ሐኪም ሬሳውን ሲያይ ገና፣ ይህ የአሮጌው የውጅግራ ጠመንጃ ወፍራም እርሳስ ቁስል እንጂ የሌላ እንዳልሆነ ይነግርሃል፤ በቀበሌውም ውጅግራ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር የሚኖረው ሽማግሌው የሱፍ። ይኸው እሱን አስይዤዋለሁ። ለአደን ወጥቶ ድኩላውን ጣለ፣ ማረው ደረሰበት፣ ተጣሉ፣ ገደለው።

«ሰውየው በከንቱ ሞተ» አለ በላቸው ድኩላውን በእግሩ እየጠቆመ። «ይሄ እንኳ ተባርኮ ሳይበላ ቀረ።»

ሐኪሙም እንደተባለው ከማረው ደረት ወፍራም እርሳስ አወጣ። ያን ቀን ካሳዬ ፊቱን ሲታጠብ ማረውም ከወጣቶቹ ጎን ቆሞ አየው።

የጠቡ ሥር ምን እንደሆነ ቀበሌው ሁሉ ያውቃል። ከሁለት ሳምንት በፊት በተደረገው ስብሰባ ማረው ተነሥቶ፣ አዳኝ ከአንድ ቀላል ጠመንጃ በላይ ምን ያደርግለታል፣ ትርፉ ይሰብሰብ ብሎ ነበር። በላቸው ተቃወመ። ገደል ላይ ለሚቆም ሰሳ ሩቅ የሚመታ ያሻል፤ ለከርከሮ ወፍራም እርሳስ ያሻል፤ ለነብር ቶሎ ቶሎ የሚተኩስ ያሻል፤ በአንድ ማንኪያ ሁሉ ወጥ አይቀመስም አለ። ሽማግሌው የሱፍ ደግሞ አንድ ጥይት ብቻ የያዘ ሰው ሳያነጣጥር አይተኩስም ብለው ሰውን አሳቁት። ተወሰነ፤ ለአንድ አዳኝ አንድ ጠመንጃ፣ የሚይዘውንም ራሱ ይምረጥ፤ የደበቀ ሰው ግን በጸረ አብዮተኛነት ይጠየቃል። መጠየቅ ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ያልገባው ሰው አልነበረም። በላቸው ሁለቱን ጠመንጃዎቹን፣ ዲሞትፈሩንና ቤልጅጉን፣ አስረክቦ ምንሽሩን ያዘ።

የሱፍ ቅዳሜ ጠዋት ለአብዮት ጥበቃ ይሰጣሉ ተብሏል። ለእነሱ የተሰጠ ሰው ደግሞ ተመልሶ አልታየም። ዕለቱ ሐሙስ ከሰዓት ነበር፤ ለካሳዬ የቀረችው ዓርብ ብቻ ናት። የሽማግሌው ልጅ ሸሪፋ ጣቢያው በር ላይ ቆማ ጠበቀችው። አባቷ ማክሰኞ ዕለት በጎቹ ላይ በመጣ ቀበሮ ተኩሰው ነው ጠመንጃው ባሩድ ባሩድ የሸተተው፤ ማረው በሞተበት በረቡዕ ማለዳ ከቤት አልወጡም።

«ወላሂ አባቴ ሰው አልገደለም» አለችው። «አፈር ስሆን መቶ አለቃ፣ አንተ እንኳ ጠይቅልን። ሌላ የሚጠይቅ የለም።»

ይህች ቃል ካሳዬን ወጋችው። ወደ እስረኞቹ ክፍል ገባ።

የሱፍ መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ ጋቢያቸውን አንጥፈው ቆመዋል። ስለ ክሱ አልጠየቁትም፤ ስለ ልጃቸውም አልጠየቁትም።

«ልጄ፣ ቂብላው በየት በኩል ነው?» አሉት። «ጨለማው አዞረኝ፤ ከትናንት ጀምሬ በግምት ነው የምሰግደው።»

ካሳዬ እጁን ወደ ሰሜን ዘረጋ። «ወደ ወልድያ በኩል ነው፣ አባቴ።»

እጁ እንደተዘረጋ ቀረ። ተዳፋቱ፣ ድኩላው፣ መውረጃ ያጣው ደም በዓይኑ መጡበት። ቀስ ብሎ፣ ግዳይ ሲጥሉ ወደየት አዙረው እንደሚያርዱ ጠየቃቸው።

«ወደዚያው ወደ ቂብላ ነዋ! ቢስሚላህ ብዬ፣ አዙሬ። ያለዚያማ ጥንብ ነው፤ ሸሪፋስ ትበላልኛለች?»

«አብሽሩ» አላቸው ካሳዬ፣ ከሸሪፋ ሰፈር ሰዎች የለመደውን የማጽናኛ ቃል፤ ከዚያም በሩን ራሱ ዘግቶ ወጣ።

የማረው ሚስት ትርፌ ለቅሶው መሐል ተቀምጣ ዓይኗን ከግድግዳው አልነቀለችም። ግድግዳው ላይ ማረው ጠመንጃውን የሚሰቅልበት ኩላብ አለ። ሲመሻሽ የጠመንጃው ማንገቻ ኩላቡ ላይ ሲንጠለጠል እንደምትሰማ፣ ስትዞር ግን ባዶ እንደሚሆን ነገረችው። ካሳዬ አልሳቀባትም፤ እሱም የራሱ አለው። ማረው በመጨረሻው ምሽት ምን እንዳላት ጠየቃት።

«አንድ ሰው አንድ ነገር ደብቋል አለኝ» አለች። «ማን እንደሆነ አልነገረኝም። ‹ባጋልጠው ይገድሉታል፤ የአብሮ አደግ ነገር፣ ጫካ ይዞልኝ ይምጣና ወድቆ አገኘሁት ብዬ አስረክብለታለሁ› አለ። ልቡ እንዲህ ነበር እኮ! ሰው ሊያድን ወጥቶ ነው የቀረው።»

ከማረው ጋር አብሮ ያደነ አንድ ሌላ ሰው አለ፤ ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሚሠራው ብሩ። ብሩ ጴንጤ ከሆነ ወዲህ ማረው ከአደኑ አውጥቶት ነበርና አንድ ቀን መንገድ ላይ እስከ መደባደብ ደርሰዋል። ካሳዬ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርድ ሐረጎ ላይ ጉሙ አልተነሣም፤ ድኩላዋም ጩኸቷን አልተወችም። ብሩ ጠቡን አልካደም። የራሱን ጠመንጃ ግን ከውሳኔው በፊት ሸጧል። ካሳዬ አንድ ጥያቄ ብቻ ጨመረ፤ ድሮ ስታርድ ወደየት ታዞር ነበር?

«ድሮማ እንደ አባቶቼ ወደ ምሥራቅ ነበር። አሁን እንደተመቸኝ ነው» አለ ብሩ። «አመስግኜ እበላለሁ። የእስላሙንም፣ የክርስቲያኑንም። በዚህ ነው እኮ ማረው የተጸየፈኝ።»

ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሁሉም በቀበሌው አዳራሽ ተሰበሰቡ። ትርፌ ጥቁር ለብሳ፣ ሸሪፋ ከአጠገቧ፣ ብሩ ከበሩ ሥር፣ የሱፍ በሁለት ጠባቂዎች መሐል። ካሳዬ ከአውራጃው አንድ ባለሥልጣን ለምኖ አስመጥቷል፤ ያለ እሱ አብዮት ጥበቃ አጠገብ ማን ይቀርባል? በላቸው ከባለሥልጣኑ ጎን ምንሽሩን ጭኑ ላይ አጋድሞ ተቀምጧል።

«ነገሩን ከድኩላው ልጀምር» አለ ካሳዬ። «ማረው አላረደውም፤ ቢላዋውም እጁም ንጹሕ ነው። ያረደው ገዳዩ ነው። ጠመንጃው ከትከሻው ሳይወርድ ከፊት ለፊት ነው የተመታው፤ ስለዚህ ገዳዩን ያምነው ነበር፣ ሲያርድም ቆሞ ያየው ነበር። እስከዚህ ጓድ በላቸው ከሚለው ብዙ አልራቅሁም። ግን ድኩላው አንገቱ ወደ ምሥራቅ ዞሮ ነው የታረደው። የአባ የሱፍ ቂብላ በሰሜን ነው። በዚህች አገር ወደ ምሥራቅ አዙሮ የሚያርድ እስላም አይታችሁ ታውቃላችሁ?»

አዳራሹ አንድ ላይ ተነፈሰ። ሁሉም ዓይን ወደ ብሩ ዞረ።

«ብሩም ክርስቲያን ነው» አለ ካሳዬ፣ «ግን አቅጣጫ ከተወ ቆይቷል። ሰው እንደተመቸው ሲያርድ ደሙ እንዲወርድለት አንገቱን ቁልቁል ያደርጋል። ይህ ሰው ግን ከባዱን ድኩላ ተቸግሮ ሽቅብ አዙሮታል። እንዲህ የሚቸገረው ያለዚያ መብላት የማይሆንለት ሰው ነው። ሊበላው አስቦ ነው ያረደው፤ ሲያርድ ሰው የመግደል ሐሳብ ገና አልነበረውም። ከዚያ በኋላ ነው የመጣበት።»

ወደ በላቸው ዞረ። «ጓድ በላቸው፣ ያን ዕለት ‹ተባርኮ ሳይበላ ቀረ› ብለኸኝ ነበር።»

«ብልስ?»

«ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ይባላል። የእስላም ቢላዋ ያረደውን ክርስቲያን ‹ታረደ› ይለዋል እንጂ ‹ተባረከ› ብሎት አያውቅም። አንተ ደግሞ የሱፍ አረደው እያልከኝ ነው። ድኩላው መባረኩን በምን አወቅህ?»

በላቸው የአፍ ወለምታ ነው ብሎ ሳቀ። በቃል ሰው ይከሰሳል ወይ ብሎ ባለሥልጣኑን ተመለከተ። ባለሥልጣኑ ግን አልሳቀም። ካሳዬ ዝናሩን እንዲያውሰው ጠየቀ፤ በላቸውም በሰው ፊት እምቢ ማለት ከብዶት ፈትቶ ሰጠው።

ካሳዬ የምንሽሩን ጥይት ከዝናሩ በአንደኛው የጥይት ቤት ከተተ፤ ሾልካ ወለሉ ላይ ወደቀች። ደገመ፤ ወደቀች። ከዚያ ከአባ የሱፍ ቤት የተያዘውን ወፍራም የውጅግራ ጥይት አውጥቶ እዚያው ቤት ውስጥ ከተተው። ልክክ አለ። ዝናሩን ገልብጦ አራገፈው፤ አልወደቀም።

«ቆዳው ለዘመናት የውጅግራ ጥይት ሲሸከም የሰፋ ነው» አለ።

«ዝናሩ የአባቴ ነው!» አለ በላቸው ፈጠን ብሎ። «እኔ ውጅግራ ኖሮኝ አያውቅም፤ አባቴ ነው የታጠቀው።»

«እሺ» አለ ካሳዬ በለሆሳስ። «አባትህ ዝናሩን ለአንተ አወረሱ። ጠመንጃውንስ ለማን አወረሱት? በስብሰባው ለከርከሮ ወፍራም እርሳስ ያሻል ያልከው አንተ ነህ። ካሳየኸን ሦስት ጠመንጃዎች ውስጥ ወፍራም እርሳስ የሚተፋው የቱ ነው?»

በላቸው ጭኑ ላይ ወዳለው ምንሽር አቀረቀረ። ትርፌ ከተቀመጠችበት ተነሣች። አልጮኸችም። «አብሮ አደግ ያለው አንተን ነው እንዴ?» ብላ ብቻ ጠየቀችው። በላቸው ምንሽሩን ከጭኑ አንሥቶ መሬት ላይ አስቀመጠና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

ከዚያ በኋላ የተናገረው ጥቂት ነው። ውጅግራውን ሊያስረክብ ወስኖ ነበር የወጣው። አንድ ጊዜ ብቻ ልተኩስበት ብሎ ማረውን ለመነ፤ ማረውም ፈቀደለት። ድኩላው ወደቀ፣ እሱም ሮጦ ባረከው። ሁለቱም እንደ ልጅነታቸው ሳቁ። ጠመንጃውን ዳግም ያጎረሰው ለከርከሮ ነበር። ከዚያ ማረው «በል እንግዲህ ስጠኝ» ብሎ እጁን ዘረጋ።

«እጁን ሲዘረጋ አባቴን ከመቃብር አውጥቶ የሚወስድብኝ መሰለኝ» አለ በላቸው። «ምንሽሩ መልካም ጠመንጃ ነው፤ ውጅግራው ደግሞ የአባቴ። የቱን ልስጥ?»

«የመረጥከውን ያዝ ነው የተባልከው» አለው ካሳዬ። «ውጅግራውን መርጠህ ምንሽሩን ብትሰጥ ኖሮ እኮ ማንም አይነካህም ነበር። ማረውም ዛሬ ቤቱ ይሆን ነበር።»

በላቸው ይህን አስቦት የማያውቅ ይመስል ቀና ብሎ አየው። እንባው ያን ጊዜ ወረደ። ጠባቂዎቹ፣ ትናንት እሱ ያዝዛቸው የነበሩት፣ ግራና ቀኝ ይዘውት ወጡ። ውጅግራው ከጥዱ በላይ ካለው ዋሻ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ዘይት ተቀብቶ ተገኘ።

አባ የሱፍ በዚያው ማምሻ ተፈቱ። ካሳዬ ጠመንጃቸውን በሁለት እጁ አቀረበላቸው። ሽማግሌው አፈሙዙን ዳበስ አድርገው መለሱለት።

«አንዱ ይበቃል ስል ነበር» አሉ። «ተሳስቻለሁ፣ ልጄ። አንዱም በዛብኝ።»

ሸሪፋ ክንዳቸውን ይዛ ወደ ቧንቧ ውሃ አቀኑ። ከሐረጎ በኩል ድኩላዋ ጮኸች። የሽማግሌው እጅ ለዘመናት እንደለመደው ወደ ትከሻቸው ሄደ፤ ባዶ ሆኖ ሲያገኘው ጋቢያቸውን አስተካክለው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

በማግስቱ ጠዋት ካሳዬ ፊቱን ታጥቦ ቀና ሲል ወጣቶቹ እንደ ወትሮው ከኋላው ቆመው ነበር። አንድ በአንድ አያቸው። ማረው ከመካከላቸው የለም።