እጄ ባዶ ነው

ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ኢንስፔክተሯ የፎቶ ቤቱን ደረጃ እያለከለኩ ወጥተው በሩን ሲያንኳኩ፣ የከፈተችላቸው ወጣት «እንደምን አደሩ» እንኳ ሳትል፣ «እኔ ነኝ የገደልኳቸው» አለች።

ኢንስፔክተሯ ትንፋሻቸው እስኪመለስ የበሩን መቃን ይዘው ቆሙ። ጡረታ ለመውጣት ጥቂት ወራት የቀራቸው፣ ሰውነታቸው የከበደ፣ ዓይናቸው ግን የቀለለ ሴት ነበሩ።

«መልካም» አሉ በመጨረሻ። «መጀመሪያ ውሃ ስጪኝ፣ ልጄ። በዚህ ሥራ ስኖር ብዙ ገዳይ ፈልጌያለሁ፤ በር ከፍቶ የተቀበለኝ ግን አንቺ የመጀመሪያዬ ነሽ።»

ወጣቷን በዚያ ቤት ሁሉም ሻማ ይሏታል፤ አንድም ረጅምና ቀጭን በመሆኗ፣ አንድም የመብራቱ ሥራ በእሷ እጅ በመሆኑ። ውሃውን ስትቀዳ ዓይኗ ከአዳራሹ በር ላይ ስላልተነሳ ግማሹ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። በግራ ጉንጯ ላይ የአራት ጣት ምልክት ቀልቶ ይታያል።

ሟቹ በትልቁ አዳራሽ፣ ከረጅሙ መሰላል ሥር ነጭ ጨርቅ ተሸፍነው ተኝተዋል። ፎቶ ቤቱን ያቋቋሙት እሳቸው ናቸው፤ ከደንበኛ እስከ ጽዳት ሠራተኛ ሁሉም ጋሼ ይላቸዋል። ሲወድቁ ጭንቅላታቸው የመብራት ማቆሚያውን የብረት እግር መትቶ፣ ሐኪም ሳይደርስ አልፈዋል። ከበላያቸው፣ ከጣሪያው ሥር፣ ትልቁ ፍላሽ ምንም እንዳላደረገ ሰው ተንጠልጥሏል። ወፍራሞቹ ጥቁር መጋረጃዎች እንደተዘጉ ናቸው።

«ይኼ ጨለማ ለዓይኔ አይስማማም» አሉ ኢንስፔክተሯ። ሻማ ወደ ግድግዳው ሄዳ አንድ ማብሪያ ስትጫን የአዳራሹ መብራት ሁሉ፣ የትልቁ ፍላሽ ትንሿ መሪ አምፖል ጭምር፣ በአንድ ጊዜ በራ።

«ሁሉም ከዚህ ነው የሚበራው?»

«የሚጠፋውም።»

«እሺ። እንዴት አድርገሽ ገደልሻቸው?»

ሻማ ሌሊቱን ሙሉ ያጠናችው ይመስል ያለ ማቋረጥ ተናገረች። «ፎቶ የሚነሳው በሁለት ክፍል ነው፤ በዚህ አዳራሽና የመታወቂያ ፎቶ በሚነሳባት በትንሿ ክፍል። ፍላሾቹ ከካሜራው ጋር በገመድ አልተያያዙም። ካሜራው አናት ላይ ትሪገር የምንላት ትንሽ ሳጥን አለች። የካሜራውን ማንሻ ሲጫኑት እሷ በሬዲዮ ትጣራለች፤ ፍላሹ ላይ ያለው ተቀባይ ይሰማና ያበራል። ጥሪዋን ግድግዳ አያግደውም። እንዳይደባለቅ ብለን አዳራሹን በቻናል አንድ፣ ትንሿን በቻናል ሦስት እናደርጋለን። ማታ ማታ ቁጥሮቹን ማየት የእኔ ሥራ ነው። ትናንት ሳላይ ሄድኩ።»

«እና ዛሬ?»

«የአዳራሹ ተቀባይ ሦስት ላይ ሆኖ ተገኘ። ጋሼ መሰላሉ ጫፍ ላይ፣ ፊታቸው ከፍላሹ አንድ ስንዝር ርቆ፣ አቅጣጫውን ሲያስተካክሉ ነበር። ትንሿ ክፍል ውስጥ ማንሻው ሲጫን ይኼኛውም በሙሉ ኃይሉ በራ። ማን ዓይኑ ላይ መብረቅ ወርዶበት ይቆማል?»

«ትናንት ለምን ሳታዪ ሄድሽ?»

ሻማ አንገቷን ደፋች። «ደስ ብሎኝ። ጋሼ ሁላችንን ሰብስበው፣ ‹ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ የአዳራሹ ካሜራ የሻማ ነው፤ እኔ ጉልበቴ ደክሟል› አሉ። ለእናቴ ልነግር ሮጥኩ። የእኔ ደስታ ነው የበላቸው።»

ኢንስፔክተሯ ብርጭቆውን መለሱላት። «ገዳይ ነኝ ካልሽ ከዓይኔ አትራቂ። ያዢልኝና ተከተዪኝ።»

ከደንበኛ መቀበያው ጀርባ የሟቹ ባለቤት እትዬ ተቀምጠዋል። ሻማን ሲያዩ ፊታቸውን አዞሩ።

«በጥፊ የመቷት እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ። አልጸጸትም» አሉ እትዬ፤ እጃቸውን ግን በነጠላቸው ሥር ደበቁት። «እንደ ልጃችን ነበረች።»

«ባለቤትዎ መሰላሉ ላይ ሲወጡ ሰምተዋል?»

«እንዴት አልሰማም! እዚህ ቤት ሕግ አለ። መሰላል የሚወጣ ሰው ‹ወጣሁ!› ብሎ ይጮኻል። የሰማ ሁሉ እጁን ከማንሻው ላይ አንስቶ ‹እጄ ባዶ ነው!› ብሎ ይመልሳል። አንድ ጊዜ አንድ ሠራተኛ በፍላሽ ደንግጦ ክንዱን ሰብሮ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የወጣ ነው። ዛሬም ‹ወጣሁ!› አለ። ከጓሮው ክፍል አጣቢው መለሰ፤ ከትንሿ ክፍል ታናሹም መለሰ። እሷ ባትሪ ልትገዛ ወርዳ ነበር።»

«ከመልሱ እስከ ውድቀቱ ምን ያህል ቆየ?»

«ለአንዲት ደንበኛ ‹ተቀመጪ› ብያት ሳትቀመጥ።»

ታናሹ የሟቹ ወንድም ነው። ሃምሳ ዓመት ሞልቶት፣ ፀጉሩ ሳስቶ እንኳ ከልጅነቱ የወጣለትን ስም የሚያነሳለት ሰው አላገኘም። መስኮት በሌላት በትንሿ ክፍል፣ ከነጩ መጋረጃና ከአንዲት ወንበር ጋር ቆሟል። ከአዳራሹ ጋር ከሚያገናኛት በር በላይ አንዲት ጠባብ መስታወት አለች።

«ደንበኛ እስኪገባ የእኔን ፍላሽ ልሞክር ብዬ ነበር» አለ። «እጄ ባዶ ነው ብዬ መልሻለሁ፤ አልክድም። ግን ረሳሁት። የእጅ ልማድ መጥፎ ነው። ሁለቱም በሩ፤ የእኔም የአዳራሹም። ከዚያ የውድቀቱን ድምፅ ሰማሁ። ስሮጥ ተዘርሯል። ሌላ ሰው እንዳይጎዳ መሰላሉን ወጥቼ ፍላሹን አጠፋሁት፤ ተቀባዩ ሦስት ላይ መሆኑን ያየሁት ያኔ ነው።» ወደ ሻማ ዞረ። «በእሷ አይጨክኑባት፤ ሆን ብላ አይደለም።»

ሻማ ይህን ደግነት ስትሰማ ልቧ ይበልጥ ቆሰለ።

«ዛሬ ከዚያ በፊት ስንት ሰው አነሱ?» አሉ ኢንስፔክተሯ።

«ስድስት። ከሁለት ሰዓት ተኩል ጀምሮ።»

«ወንድምዎ ከስንት ሰዓት ጀምረው አዳራሹ ውስጥ ነበሩ?»

«ከሁለት ሰዓት። ዛሬ አንድ ትልቅ ቤተሰብ በአራት ሰዓት ቀጠሮ ነበረው፤ ሲያዘጋጅ ነበር።»

ኢንስፔክተሯ ድንገት ወንበሩ ላይ ዘፍ አሉ። «ከመጣሁ አይቀር አንድ አንሱኝ። የሥራ መታወቂያዬ ላይ ያለው ፎቶ ከእኔ ይልቅ ሟች ባለቤቴን ይመስላል።»

ታናሹ ግራ ተጋብቶ ካሜራውን አነሳ። «ጆሮዎን ያሳዩ... ሁለቱንም... አገጭዎን ዝቅ።» ፍላሹ ቦግ አለ።

ወዲያው ከጓሮው ክፍል አንድ የሻከረ ድምፅ፣ «ሴትዮዋ ዓይናቸውን ጨፍነዋል! ድገማቸው!» ብሎ ጮኸ።

ኢንስፔክተሯ ሳቁ። «ያ ሰው በግድግዳ ያያል እንዴ?»

«አጣቢው ናቸው» አለች ሻማ። «የተነሳው ሁሉ እዚያው በዚያው ኮምፒውተራቸው ላይ ይደርሳል።»

አጣቢው በፊልም ዘመን ፊልም ያጥቡ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው። ፊልም ቀርቶ ኮምፒውተር ቢመጣም ስማቸውን ይዘውት ገብተዋል። ኢንስፔክተሯ የጠዋቱን ፎቶዎች በተርታ አስወጧቸው፤ ስድስት ሰው፣ ዐሥራ ሁለት ጆሮ፣ በሰባተኛው ላይ የራሳቸው የተጨፈነ ፊት።

«ከስድስተኛው ወደ እኔ ሲመጣ ቁጥሩ አንድ ይዘላል» አሉ ኢንስፔክተሯ።

ሽማግሌው ጆሯቸውን አሻሹ። «አንዲት ጥቁር መጥታ ነበር፤ ጣልኳት። ፍላሽ አልበራ ሲል ጥቁር ይመጣል፤ ጥቁር ሲመጣ እጥላለሁ። ምን ልዩ ነገር አለው?»

«ከቅርጫቱ ያውጧት።»

ወጣች። ጋሼ የወደቁበትን ሰዓት፣ ሦስት ሰዓት ከዐሥራ አራት ደቂቃ ይላል። ከላይ በኩል ካለች አንዲት ነጭ መስመር በቀር ድፍን ጨለማ ናት። ኢንስፔክተሯ ለረጅም ጊዜ ተመለከቷት። አጣቢውም አብረዋቸው ተመለከቱ፤ ቀስ በቀስም ፊታቸው አመድ መሰለ።

አስከሬኑ ከተነሳ በኋላ አራቱም በትንሿ ክፍል ተሰበሰቡ። ለአምስት ሰው አትበቃም፤ እትዬ በአንዲቷ ወንበር ላይ ሲቀመጡ ሌሎቹ ትከሻ ለትከሻ ቆሙ። ሁለት ፖሊሶች በሩ ላይ አሉ።

«እዚህ ቤት ስገባ አንዲት ገዳይ ተቀበለችኝ» አሉ ኢንስፔክተሯ። «ስለዚህ ሥራዬ ገዳይ መፈለግ ሳይሆን የእሷን ቃል መመርመር ሆነ። የአዳራሹ ተቀባይ ከትናንት ማታ ጀምሮ ሦስት ላይ ነበር አለችኝ። እንግዲህ እንቁጠር። ታናሹ ከሁለት ሰዓት ተኩል ጀምሮ ስድስት ሰው አንስተዋል። ተቀባዩ ሦስት ላይ ቢሆን ኖሮ የአዳራሹ ፍላሽ ስድስት ጊዜ ይበራ ነበር። ጋሼ እዚያው ነበሩ። ዕድሜያቸውን በፍላሽ የጨረሱ ሰው፣ ፍላሹ ስድስት ጊዜ ያለ ትእዛዝ በርቶባቸው ዝም ብለው ፊታቸውን ሊያስጠጉት ይወጣሉ?»

«አይወጣም» አሉ እትዬ። «ቤቱን በጩኸት ያፈርሰው ነበር።»

«ስለዚህ ተቀባዩ በቦታው፣ አንድ ላይ ነበር። አንቺ ልጅ፣ ሳታዪው የሄድሽው ቁጥር ትክክል ነበር።»

ሻማ ግድግዳውን ተደገፈች።

«ታዲያ ማን ወደ ሦስት አዞረው? ፍላሹ ያለው ከጣሪያው ሥር ነው። ከውድቀቱ በኋላ መሰላሉን የወጣ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ለማጥፋት ብሎ። ሻማ፣ የአዳራሹ ፍላሽ ከየት ይጠፋል?»

«ከግድግዳው» አለች ሻማ፤ ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ትርጉሙ ገባት። «ከግድግዳው ነው። መውጣት አያስፈልግም።»

«ደንግጬ ነው!» አለ ታናሹ። «ወንድሜ ወድቆ የት እንደምሮጥ አውቄ ነው?»

«ይሁን፣ ደንግጠው ነው። አሁን ጥቁሯን ፎቶ እንያት።» አጣቢው ያተሙትን ወረቀት ዘረጉ። «ሁለቱም በሩ ብለውኛል። ይህች ፎቶ ግን የእርስዎ ፍላሽ አልበራም ትላለች፤ ቢበራ ጥቁር ባልሆነች። ይህች ነጭ መስመር ምንድን ናት?»

ሻማ ቀና ብላ አየች፤ መስመሯ ከበሩ በላይ ያለችው ጠባብ መስታወት ናት። «የአዳራሹ ፍላሽ ነው» አለች በሹክሹክታ። «በመስታወቱ አልፎ... በዚያችው ቅጽበት።»

«ማለትም ከዚህ ክፍል የወጣው ጥሪ የዚህን ክፍል ፍላሽ አልፎ የአዳራሹን ቀሰቀሰ። ትሪገሯ ሦስት ላይ አልነበረችም። በአውራ ጣት ወደ አንድ ዞራለች። በኋላ ተመለሰች፤ ጥቁሯም ከካሜራው ተሰረዘች። ደግሞ የራሱን ፍላሽ የሚሞክር ሰው ካሜራውን ወደ ወንበሩ ያዞራል። ይህ ካሜራ ግን ያነሳው የአዳራሹን በር ነው። እርስዎ ሰውነትዎ ሁሉ ወደዚያ ዞሮ፣ መሰላሉን እያዳመጡ ነበር።»

ታናሹ ከንፈሩን ላሰ። «የሚገርመው» አሉ ኢንስፔክተሯ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ትሪገሯ ራሷ መሞከሪያ ቁልፍ አላት። እሱን ቢጫኑት ፍላሹ ይበራል፤ ፎቶ ግን አይኖርም፤ እኔም ይህን ጊዜ ከዚህች ልጅ ጋር ወደ ጣቢያ እወርድ ነበር። እጅዎ ግን ለዓመታት የለመደውን ተጫነ። የእጅ ልማድ መጥፎ ነው ያሉኝ እርስዎ ነዎት።»

አጣቢው ኮፍያቸውን አውልቀው፣ «ጥዬያት ነበር» አሉ ለማንም ሳይሆን። «ሳላያት ጥዬያት ነበር።»

«እንዲወድቅ አልፈለግኩም» አለ ታናሹ። «እንዲደነግጥ፣ እንዲሳደብ፣ ‹ይቺን ልጅ ምን ነካት› እንዲል ነው የፈለግኩት። እንግዶቹ ሳይመጡ ሐሳቡን እንዲቀይር። ሃምሳ ዓመቴ ነው፣ እትዬ። ዐሥራ ስምንት ዓመት የሰው ጆሮ አነሳሁ። ትናንት አዳራሹን ሲሰጣት ወደ እኔ ዞር እንኳ አላለም።»

«ብትነግረው ምን ነበረበት?» አሉ እትዬ።

«ምን ብዬ?»

ታናሹ ወደ ሻማ ዞረ፤ ዓይኗን ግን ማየት አልቻለም። «‹እኔ ነኝ የገደልኳቸው› ስትዪ ከዚህ ሆኜ ሰማሁሽ። እፎይ አልኩ። ከመውደቁ ይልቅ የማልችለው እሱን ነው። እፎይ ማለቴን።»

ፖሊሶቹ ሲወስዱት ማንም አልሰደበውም። እትዬ ተነስተው ወደ ሻማ ጉንጭ እጃቸውን ዘረጉ፤ ሳይነኩት መሐል አየር ላይ ቀረ።

«ምንም አይደል፣ እትዬ» አለች ሻማ።

«ምንም ነው እንጂ» አሉ እትዬ፤ አንገቷ ላይ ተጠምጥመውም አለቀሱ።

ኢንስፔክተሯ ጥቂት ጠብቀው መቀበያው ጠረጴዛ ላይ ወረቀት ዘረጉ። «አሁን ቃልሽን ልቀበል፣ ልጄ። ‹በአደጋው ሰዓት አልነበርኩም፤ ጥፋትም የለብኝም› ብዬ ልጻፍ?»

«‹ትናንት ማታ ቁጥሮቹን ሳላይ ሄጃለሁ› ብለው ይጻፉ።»

«ቁጥሮቹ እኮ ትክክል ነበሩ። ብታዪያቸውም ያው ነበሩ። ለሕግ ምንም አይጨምርም።»

«አውቃለሁ» አለች ሻማ። «ግን አላየሁም።»

ኢንስፔክተሯ ብዕራቸውን አነሱ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ ቃል በቃል፣ እንዳለችው ጻፉላትና ወረቀቱን አዞሩላት።

ሻማ እስከ መጨረሻው አነበበችው። «እዚህ ጋ ነው የምፈርመው?» አለች።