የአማረች ግማሽ ኪቦርድ

እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲወራ ጆሮዬን የምሰጥ ሰው አልነበርኩም፣ ቤታችን ወንጌል የሚነበብበት ቤት ነው፣ መንፈስ አየሁ፣ ጥላ አለፈብኝ የሚል ሰው ሲመጣ እናቴ «ሂድና ጸልይ» ብላ ነው የምትሸኘው፣ እኔማ ከእሷ ብሼ ፊቱ ላይ ነበር የምስቀው። አሁንም እመኑኝ ብዬ አልለምናችሁም፣ ብታምኑም ባታምኑም የራሳችሁ ጉዳይ፣ እኔ ግን ሆዴ ውስጥ ይዤው መኖር ሰለቸኝ።

ጊዜው ፕላዝማ የሚባለው የማስተማሪያ ቴሌቪዥን ግድግዳችን ላይ ተሰቅሎ በእንግሊዝኛ የሚጮህብን ጊዜ ነው፣ ሶዶ ውስጥ የምማርበት ትምህርት ቤት አይሲቲ የሚባል ትምህርት የጀመረውም ያኔ ነው። ኮምፒውተር ክፍል ስንገባ ጫማ አውልቁ እንባላለን፣ አቧራ እንዳይገባ ነው የተባለው፣ እኛ ግን ቫይረስ የሚባለው ነገር በጭቃ የሚመጣ መስሎን ካልሲያችንን ሳይቀር እናራግፍ ነበር፣ ሳቁ፣ ግድ የለም። ኮምፒውተሮቹ ጥቂት፣ እኛ ደግሞ እንደ አንበጣ ነን፣ አንዱን ማሽን ከበን አንዳችን በሌላችን ትከሻ ላይ እየተንጠራራን ነው የምናየው። መጽሐፉ እነዚህ ፊደላት የግራ እጅ፣ እነዚያ የቀኝ እጅ ናቸው ይላል፣ መምህራችን ቲቸር ዘለቀ ታዲያ ሁሉም ተራ እንዲደርሰው ብሎ ጥንድ ጥንድ አደረገንና «አንቺ ግራ እጅ ሁኚ፣ አንቺ ቀኝ እጅ ሁኚ» አለን። በቃ፣ እኔ ግራ ሆንኩ፣ አማረች ቀኝ ሆነች። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ አሠራሩ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር፣ ቢሮ ውስጥ ብቻዋን የምትጽፍ ጸሐፊ ሳይ አጋሯ ቀርታባት ነው ብዬ አዝንላት ነበር!

አማረች ከሶዶ ወጣ ብሎ ያለው የበዴሳ ልጅ ናት፣ ሶዶ አንድ ክፍል ተከራይተን አንድ ፍራሽ ላይ ነበር የምንተኛው፣ እኔ ለፍላፊ፣ እሷ ዝምተኛ፣ ኪቦርድ ላይ ግን የሚቀድመን አልነበረም። እኔ ኤ ስል እሷ ኤን፣ እኔ ቲ ስል እሷ ኦ፣ ሳንተያይ እንግባባለን። በቃላት መካከል ክፍተት የምትሰጠውን ረጅሟን ቁልፍ የምትመታው እሷ ናት፣ በአውራ ጣቷ ጎን ቷ! አድርጋ፣ ቲቸር ዘለቀ «ቀስ በይ፣ ሚስማር አይደለም» እያለ ሁልጊዜ ይቆጣታል። ያንን የቁልፍ ድምፅ ከመቶ ሰው ምት መሃል እለየዋለሁ።

አንድ ጊዜ ስንቅ ላምጣ ብላ ቤተሰብ ጋ ሄደች፣ የምወደውን ሥራሥር፣ ቦዬ ይዤልሽ እመጣለሁ ብላኝ ነበር፣ ሰኞ አልመጣችም፣ በማግስቱም ቀረች። ከዚያ በዴሳ የሚመላለስ የሚኒባስ ረዳት መንገድ ላይ አገኘኝና «ጓደኛሽ እኮ ወባው ጭንቅላቷ ላይ ወጥቶባት ጤና ጣቢያ ተኝታለች፣ ሰው አትለይም» አለኝ። ወደ መናኸሪያ ሮጥኩ፣ ዝናቡ ደግሞ ሰማዩ የተቀደደ ይመስል ይወርዳል፣ ወንዙ ሞልቶ መንገዱን ስለቆረጠው እስከ ነገ መኪና የለም አሉኝ። ሞተረኛ ለመንኩ፣ እግሩ ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝ፣ «እህቴ፣ ወንዙ እኮ እኔንም አንቺንም ይዞን ነው የሚሄደው» ብሎኝ ሞተሩን አዞረ። እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ በሕይወት እያለች እንድደርስላት፣ ሌላ ምንም።

በዴሳ ያለው የአጎቷ ስልክ ቁጥር ቲቸር ዘለቀ ጋ እንዳለ ትዝ አለኝና በጭቃ ተለውሼ ወደ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ቲቸር ዘለቀ ደወለ፣ አይነሳም፣ ደግሞ ደወለ፣ አይነሳም። ኔትወርክ የሚገኘው ቢሮው በረንዳ ላይ ብቻ ነበርና «እኔ እዚያ ቆሜ እሞክራለሁ፣ አንቺ ኮምፒውተር ክፍል ገብተሽ ተጠለይ፣ እንደ ተነሳ እጠራሻለሁ» አለኝ። ገባሁ፣ ከሰዓት በኋላ ስለነበር ማንም የለም፣ ማሽኖቹ ሁሉ ጨርቃቸውን ለብሰዋል፣ ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ይደበድባል። አልቅሼ አልቅሼ እንባዬ ሲያልቅ እጄን የማሳርፍበት አጣሁና የእኛን ማሽን ገልጬ ከፈትኩት፣ ሁልጊዜ የምንለማመዳትን አንቀጽ መጻፍ ጀመርኩ፣ በግራ እጄ ብቻ፣ ሌላ መቼ አውቃለሁ! ስክሪኑ ላይ የሚወጣው ነገር ጥርሱ የረገፈ ሰው ይመስላል።

ቷ!

ዝናቡ ነው አልኩ። ቀጠልኩ። ቷ! ጠቋሚው መስመር አንድ ክፍተት ዘለለ። እጄን አነሳሁ፣ ቀኝ እጄ ጭኔ ላይ ነው ያለው፣ በጌታ ስም እምላለሁ፣ ጭኔ ላይ! ማሽኑ ተበላሽቶ ነው ብዬ አንድ ፊደል ነካሁ፣ ከጎኑ ያልነካሁት ኦ ወጣ፣ ደግሞ ነካሁ፣ ኤን ወጣ፣ ዝቅ ብዬ ሳይ በቀኝ በኩል ያሉት ቁልፎች ወረድ ብለው ይነሳሉ፣ ወረድ ብለው ይነሳሉ፣ የሚነካቸው ግን የለም። ጸጉሬ ቆመ። ሩጪ ሩጪ አለኝ፣ ግን አልሮጥኩም፣ ለምን አትሉኝም፣ ፈርቼም ደስ አለኝ! «አማረች፣ አለሽ? አትሂጂ፣ እየመጣሁ ነው፣ ነገ በጠዋት እመጣለሁ» እያልኩ ጮክ ብዬ እያወራኋት በግራዬ እመታለሁ፣ እሷም በቀኟ ትመልስልኛለች፣ ቃላቱ እየሞሉ መጡ፣ አንቀጹን አጋመስነው።

መብራት ጠፋ። ስክሪኑ ጥቁር ሆነ፣ ሰማዩ ደመና ስለነበር ክፍሉ ጨለመ። ቁልፎቹ ግን አላቆሙም! ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቷ፣ ከዚያ ዝም ብለው የእኔን ተራ ይጠብቃሉ። እኔም መታሁ፣ በሞተ ማሽን ላይ እንደ እብድ መታሁ፣ ካቆምኩ የምታቆም መሰለኝ። እየዘገየች መጣች። አንዱን ቃል ሳትጨርስ ጣቶቿ ተያዙ መሰለኝ፣ ቀጭ ሊል ሲል ታፍኖ ቀረ፣ ከዚያ በኋላ የሰማሁት ዝናቡን ብቻ ነው።

ቲቸር ዘለቀ በሩ ላይ ቆሞ «ትዕግሥት፣ ምን እያደረግሽ ነው? መብራት እኮ የለም» አለኝ። «አነሱት?» አልኩት። «አልተነሳም» አለ። መብራቱ ሲመጣ ከፍተን አየን፣ ምንም የለም፣ አላስቀመጥኩት፣ ሲጠፋ አብሮ ጠፋ፣ ላሳያችሁ የምችለው ማስረጃ የለኝም።

በማግስቱ ወንዙ ጎደለና በመጀመሪያው መኪና በዴሳ ደረስኩ። ድንኳኑን ከሩቅ አየሁት። ሌላውን ተዉት፣ እንዴት እንደጮህኩ አልነግራችሁም።

እናቷ አቅፋኝ፣ ለቅሶው ጋብ ሲል ወደ ጓዳ ወሰደችኝና በወላይትኛ ትነግረኝ ጀመር፣ «ትናንት ከሰዓት በኋላ፣ ያ ሁሉ ቀን ድንጋይ ሆና ተኝታ፣ ድንገት ቀኝ እጇን ብርድ ልብሱ ላይ ታንቀሳቅስ ጀመር፣ ቀኟን ብቻ፣ ጣቶቿን እንዲህ፣ እንዲህ፣ አውራ ጣቷን እንዲህ ዱብ። ነቃች ብለን እልል አልን። ውሃ ስንሰጣት አትቀበልም፣ ፊቷ ለሆነ ነገር የጓጓ ሰው ፊት ሆነ። እኔ ደግሞ የምትፈራ መሰለኝ፣ አይዞሽ ልጄ ብዬ እጇን ጥብቅ አድርጌ ያዝኩት። ከያዝኩት በኋላ አልተንቀሳቀሰችም።» ከዚያ ትከሻዬን ያዘችና «አንቺ አብረሻት ነው የምትኖሪው፣ ልጄ ምን ፈልጋ ነበር? እጇን ባልይዘው ይሻል ነበር?» አለችኝ።

ምን ብዬ ልንገራት፣ እናንተስ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር?

«እጇን እንድትይዢላት ነው የፈለገችው እማዬ፣ ደግ አደረግሽ» አልኳት።

«አንቺ እንዴት አወቅሽ?» አለችኝና ዓይኔን ትኩር ብላ አየችው። አሁንም ድረስ ለበዓል ስሄድ፣ ምግብ አቅርባልኝ ከፊት ለፊቴ ስትቀመጥ፣ እንደዚያው ነው የምታየኝ። ደግማ አልጠየቀችኝም፣ እኔም አልነገርኳት።